ታይፎይድ የተባለው ትርፍ አንጀት፦ የሐኪም ስህተት መቼ የሙያ ጥፋት እንደሚሆን

ልጄ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሳለ፣ በኅዳር 2011፣ ትርፍ አንጀቱን ታሞ ሳለ ታይፎይድ ነው ተብሎ ታከመ። ሕመሙ በጀመረው በአራተኛው ቀን ትርፍ አንጀቱ ፈነዳ፤ ሁለት ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ከ23 ቀን በኋላ ከሆስፒታል ወጣ። አቤቱታችን መቋጫ ያገኘው ከ14 ወር በኋላ ነው። ኮምቦልቻ ላይ ይህ ታሪክ ከተሰማ ወዲህ ብዙ ሰው እየመጣ «ሐኪም ተሳስቶብናል፣ መክሰስ እንችላለን ወይ?» ብሎ ይጠይቀኛል። እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም፤ በአንድ ፋብሪካ መጋዘን ንብረት ያዥ ነኝ። ነገር ግን በዚያ ጊዜ ሁሉ ከሐኪሞችና ከጠበቃ የሰማሁትን፣ በገዛ ጉዳያችንም ተፈትኖ ያየሁትን፣ ሰው እንዲጠቀምበት በዝርዝር ልጽፈው ወስኛለሁ።

ሕመሙ የጀመረው ሰኞ ማታ ነው። ልጁ እምብርቱ ዙሪያ ቁርጠት እንደያዘው ተናገረና እራቱን ሳይበላ ተኛ። ማክሰኞ ጠዋት በአቅራቢያችን ወዳለ አንድ የግል ክሊኒክ ወሰድኩት። የተቀበለን ወጣት ጤና መኮንን ነበር። ልጁን አልጋ ላይ አስተኝቶ፣ ሆዱን ከግራ ጀምሮ አራቱንም አቅጣጫ እየተጫነ ፊቱን ይመለከት ነበር፤ ሙቀቱን ለካ፣ መቼ እንደጀመረው፣ አስመልሶት እንደሆነ፣ ሽንት ሲሸና ያመው እንደሆነ ጠየቀው። በዚያን ሰዓት ሕመሙ ገና እምብርት አካባቢ ነበር፤ ሙቀቱም 37.1 ነበር። የጨጓራ ሽሮፕ አዘዘለትና እንዲህ አለኝ፦ «አሁን ምን እንደሆነ በእርግጠኝነት መናገር አልችልም። ሕመሙ ወደ ቀኝ ወደ ታች ከወረደ፣ ካስመለሰው ወይም ካተኮሰው ሳትውሉ ሳታድሩ ተመለሱ፤ ባይብስም ነገ ላየው እፈልጋለሁ።» ይህንኑም በካርዱ ላይ ሲጽፍ አየሁት።

ረቡዕ ጠዋት የተባለው ሁሉ ደረሰ። ልጁ ሌሊት ሁለት ጊዜ አስመልሶ፣ ሻይ እንኳ እምቢ ብሎ፣ ቀኝ እጁን ብሽሽቱ አጠገብ አድርጎ ጎንበስ ብሎ ነበር የሚራመደው። ወደዚያው ክሊኒክ ተመለስን። ጤና መኮንኑ ተረኛ ስላልነበረ ሌላ፣ በዕድሜ የገፉ ሐኪም ተቀበሉን። ገና ሳንቀመጥ የላብራቶሪ ወረቀት ጻፉልን፤ ውጤቱ ሲመጣ ነጭ የደም ሕዋስ 14,800፣ ዋይዳል የሚባለው የታይፎይድ ምርመራ ደግሞ 1፡160 ይላል። ሐኪሙ ወረቀቱን አይተው «ታይፎይድ ነው» አሉ። እኔም «ዶክተር፣ ትናንት ሕመሙ ወደ ቀኝ ከወረደ ተመለሱ ተብለን ነበር፤ አሁን ወርዷል» አልኳቸው። «ታይፎይድም ሆድ ያሳምማል፣ አብሽር» ብለው የአምስት ቀን መርፌና የሕመም ማስታገሻ አዘዙ። ከወንበራቸው አልተነሱም፤ የልጄን ሆድ አልነኩም። ይህን ያን ጊዜ ልብ ብዬ አላየሁትም፤ በኋላ ግን የነገሩ ሁሉ መሠረት ሆኖ የተገኘው ይኸው ነው።

ሐሙስ ቀን ሁለተኛውን መርፌ ከተወጋ በኋላ፣ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ፣ ልጁ በድንገት «ቀለለኝ» አለ። እናቱ «አልሐምዱሊላህ» ብላ የአጃ ሾርባ አቀረበችለት፤ ሁለት ማንኪያ ቀምሶ እንቅልፍ ወሰደው። እኛም ቤት ውስጥ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን፣ መድኃኒቱ ሠራ ብለን ተደሰትን። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ በብርድ ልብስ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ሰማሁት። ግንባሩ እንደ ምጣድ ይፋጃል፤ ሆዱ ላይ እጄን ሳሳርፍ እንደ ጣውላ የደረቀ ነበር። አንድ ጎረቤታችን መኪናውን አስነሥቶ በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ወደ ደሴ ይዞን ወጣ። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ለእኛ ግን የማያልቅ መንገድ ሆነብን። ጎማው ጉድጓድ በነካ ቁጥር ልጁ ይጮኻል፤ «አባ፣ ቀስ በልልኝ በለው» ይለኛል። ጎረቤቴ ቀስ ሲል እኔ ፍጠን እላለሁ፣ ሲፈጥን ልጁ ይጮኻል።

ደሴ የተቀበለን የቀዶ ሕክምና ሐኪም ከጠየቀን ነገሮች አንዱ «መኪናው ሲንገጫገጭ ያመው ነበር?» የሚል ነው። በኋላ እንዳስረዳኝ የሆድ ዕቃ ሽፋን ሲቆጣ ትንሽ ንቅናቄ እንኳ ሕመሙን ያነሣዋል። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ «ቀለለኝ» ያለው ደግሞ መድኃኒቱ ሠርቶ አልነበረም፤ የተወጠረው ትርፍ አንጀት ሲፈነዳ ውጥረቱ ለጊዜው ስለሚረግብ፣ አንዳንድ ሕመምተኛ መግሉ በሆድ ዕቃው ውስጥ እስኪሠራጭ ድረስ የተሻለው ይመስለዋል። ዓርብ ጎህ ሲቀድ ቀዶ ሕክምናው ተደረገ። ሆዱ ታጥቦ መግሉ የሚወጣበት ቱቦ ተደረገለት። በዘጠነኛው ቀን ትኩሳቱ እንደገና ተነሣ፤ በዳሌ ዕቃው ውስጥ መግል ቋጥሮ ስለተገኘ ሁለተኛ ጊዜ ተከፈተ። ከዚያ 14 ቀን ቆይቶ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ልጄ አልጋ ላይ ሳለ እኔ በቁጣ የሁለቱንም ቀን ሐኪሞች አንድ ላይ እረግም ነበር። «ሁለቱም ትርፍ አንጀት መሆኑን አላወቁም» የሚል ነበር ክርክሬ። ከዚህ ሐሳብ ያወጣኝ ራሱ የደሴው ሐኪም ነው። ስለ ባልደረቦቹ አንድም ክፉ ቃል አልወጣውም፤ ስለ በሽታው ግን ሳይሰለች አስረዳኝ። ትርፍ አንጀት ብዙ ጊዜ በእምብርት ዙሪያ ሕመም ይጀምርና ከሰዓታት በኋላ ወደ ቀኝ የታችኛው ሆድ ይወርዳል። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ከጨጓራ፣ ከአንጀት ቁርጠት ወይም ከምግብ መመረዝ ለመለየት ለማንም ሐኪም ከባድ ነው። ስለዚህ በዚያ ደረጃ ከሐኪም የሚጠበቀው ስሙን መጥራት ሳይሆን በደንብ መርምሮ፣ መጻፍና መቼ መመለስ እንዳለብን መንገር ነው። የማክሰኞው ሰው ይህን አድርጓል።

ረቡዕ ግን ነገሩ ሌላ ነበር። የደሴው ሐኪም፣ አልቫራዶ የሚባል፣ በ1986 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ትርፍ አንጀትን ለመጠርጠር የሚያግዝ የነጥብ አሰጣጥ እንዳለ ነገረኝ። ከ10 ነጥብ ይታሰባል። ሕመሙ ቦታ ቀይሮ ወደ ቀኝ ከወረደ 1፣ የምግብ ፍላጎት ከጠፋ 1፣ ማቅለሽለሽ ወይም ማስመለስ ካለ 1፤ የቀኙ የታችኛው ሆድ ሲነካ ካመመ 2፣ ተጭነው ሲለቁት ካመመ 1፣ ሙቀት ከጨመረ 1፤ ነጭ የደም ሕዋስ ከበዛ 2፣ ከእነሱም ኒውትሮፊል የሚባለው ዓይነት ካየለ 1። እኔ ቁጥር መደመር ሥራዬ ስለሆነ ወዲያው ደመርኩት፦ ከ10ሩ 7ቱ የሚገኙት በመጠየቅ፣ በእጅ በመንካትና በቴርሞሜትር ነው፤ ላብራቶሪ የሚያስፈልገው ለ3ቱ ብቻ ነው። ረቡዕ ጠዋት ሕመሙ ወርዷል፣ አይበላም፣ አስመልሷል፣ ነጭ ሕዋሱም 14,800 ደርሷል። የረቡዑ ሐኪም ከወንበራቸው ሳይነሱ እንኳ 5 ነጥብ ፊታቸው ነበር፤ ቢነሡና ቢነኩት ወደ 7 ወይም ከዚያ በላይ ይደርስ ነበር፤ ያ ደግሞ ወዲያው የቀዶ ሕክምና ሐኪም እንዲያየው የሚያስገድድ ነው። ይህ ነጥብ አሰጣጥ ሕግ አይደለም፤ እሱን አለመደመር ብቻውን ጥፋት አይሆንም። ነጥቦቹ የሚሰበሰቡበት መጠየቅና መንካት ግን የሕክምና ሀሁ ነው።

ስለ ዋይዳል ምርመራ ትንሽ ማለት ይኖርብኛል፤ በአካባቢያችን «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» ያልተባለ ሰው ማግኘት ይቸግራልና። ዋይዳል የሚያየው ጀርሙን ራሱን ሳይሆን ሰውነት ጀርሙን ለመከላከል የሠራውን አንቲቦዲ ነው። ይህ አንቲቦዲ ቀድሞ ታይፎይድ በያዘው ወይም በተከተበ ሰው ደም ውስጥ ሊቆይ ይችላል፤ በሽታው በሚዘወተርበት አገር ደግሞ ብዙ ጤነኛ ሰው ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ አንድ ጊዜ በተደረገ ዋይዳል ብቻ «ዛሬ የታመምከው በታይፎይድ ነው» ማለት አይቻልም፤ የታመነው ማረጋገጫ ደም ወስዶ ጀርሙን ማብቀል፣ ማለትም ካልቸር ነው። የልጄ 1፡160 ሐሰት አልነበረም፤ በዚያን ቀን ግን ለሆዱ ሕመም መልስ አልነበረም። የወረቀቱ ውጤት ከልጁ አካል ይልቅ ታመነ፤ በዚያው ወረቀት ላይ ያለው 14,800 ግን እንዳልተጻፈ ታለፈ። ልጄ ላይ የደረሰውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገረን ብባል የምናገረው ይህንን ነው።

ልጁ ትምህርት ቤት ከተመለሰ በኋላ፣ ሚያዝያ 2011 ላይ፣ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ቢሮ ያለው አንድ ጠበቃ ዘንድ ሄድኩ። ከሁሉ አስቀድሞ «ውጤቱ መጥፎ ስለሆነ ብቻ ፍርድ ቤት ካሣ አይሰጥም» አለኝ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2639 ሐኪሙ በሕክምና ውል የሚገባውን ግዴታ ሲተረጉም የተቻለውን ሁሉ ለማድረግ ነው እንጂ በእርግጥ ለማዳን አይደለም። በአንቀጽ 2031 ደግሞ አንድ ባለሙያ የሙያውን ደንብ መጠበቅ እንዳለበት፣ በቸልተኝነት ወይም ባለመጠንቀቅ በሳይንስ የተረጋገጠውን ወይም በሙያው ተቀባይነት ያለውን አሠራር ሲጥስ ኃላፊ እንደሚሆን ተደንግጓል። ስለዚህ ጥያቄው «በሽታውን አግኝቶታል ወይ?» አይደለም፤ «ያንኑ ትምህርትና ያንኑ መሣሪያ የያዘ ጠንቃቃ ባለሙያ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ሕመምተኛ ፊት ምን ያደርግ ነበር?» ነው። ማክሰኞን በዚህ ስናየው ስህተት የለም። ረቡዕን ስናየው ግን አልትራሳውንድ ወይም ሌላ ትልቅ መሣሪያ ቀርቶ የአንድ እጅ መዳፍ ብቻ የሚያስፈልገው ነገር አልተደረገም። ጠበቃው «የማክሰኞውን ሰው ከክሱ አውጣው፤ እሱን ከጨመርክ የረቡዑን ጥፋት ራስህ ታደበዝዘዋለህ» አለኝ። እኔም ተቀበልኩት፤ ያ ምክር ትክክል እንደነበር መጨረሻው አሳየኝ።

ሁለተኛው ጥያቄ ጉዳት ነው። በምሠራበት ፋብሪካ አንድ ባልደረባዬ በዋይዳል ውጤት ብቻ ታይፎይድ ነው ተብሎ መድኃኒት ወስዶ፣ በኋላ ታይፎይድ እንዳልነበረበት ታወቀ። እሱም «እኔስ አልከስም?» ሲል ጠየቀኝ። ስህተት ነበር፤ ነገር ግን ከጥቂት ብርና ከጥቂት ቀን ማቅለሽለሽ በቀር የደረሰበት ጉዳት የለም። ሕግ ፊት ካሣ የሚያስገኘው የደረሰው ጉዳት ነው፤ ጉዳት በሌለበት ጥፋት ቢኖር እንኳ ለሥነ ምግባር አቤቱታ እንጂ ለካሣ ክስ ብዙም አያበቃም።

ሦስተኛውና ከሁሉ የከበደን የምክንያትና የውጤት ግንኙነት ነው። ክሊኒኩ የያዘው ጠበቃ ያነሣው ክርክር «በሽታው ረቡዕ ቢታወቅም ልጁ ቀዶ ሕክምና ማድረጉ አይቀርም ነበር» የሚል ነው። ስሰማው ደሜ ፈላ፤ ነገር ግን እውነት ነው። ትርፍ አንጀትን ሐኪማችን አላመጣውም። እኛ መጠየቅ የምንችለው ልዩነቱን ነው፦ ሳይፈነዳ በጊዜ ቀዶ ሕክምና ቢደረግለት ኖሮ በሚያጋጥመውና በፈነዳ ጊዜ በደረሰው መካከል ያለውን። ስለዚህ ለሁሉም ያወጣሁትን 31,450 ብር ደረሰኝ በደረሰኝ ስንዘረዝረው፣ ለመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና በማንኛውም መንገድ የሚወጣውን 6,200 ብር አንሥተን 25,250 ብር ቀረ። ይህን ሒሳብ ከመክሰሳችን በፊት ሠርተን መገኘታችን ጠቀመን፤ ሌላው ወገን «አጋነኑ» ሊል አልቻለም። ፍንዳታው ረቡዕ ከጠዋቱ በፊት ደርሶ ቢሆንስ ብለው ደግሞ ጠየቁ። እዚህ ላይ የረዳን የደሴው ሐኪም በቀዶ ሕክምና ማስታወሻው ላይ ያገኘውን በዝርዝር መጻፉ ነው፤ የሐሙስ ከሰዓቱ ድንገተኛ መቅለልና የሌሊቱ ትኩሳት ከዚያ ጋር ሲገጣጠም ፍንዳታው ከረቡዕ ምርመራ በኋላ መሆኑን ያሳያል።

ስለ እኔም ጥያቄ ተነሥቷል፤ ሐሙስ ለምን ቀኑን ሙሉ ቤት ቆያችሁ ተባልን። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 2098 ለጉዳቱ ተጎጂውም አስተዋፅኦ ካደረገ ካሣው በከፊል ብቻ እንደሚከፈል ስለሚደነግግ ጥያቄው ቀላል አልነበረም። የተነገረን «አምስት ቀን መርፌ ይወጋ» እንጂ «እንዲህ ከሆነ ተመለሱ» የሚል አልነበረም፤ ለዚህም የሁለቱ ቀን ካርድ ጎን ለጎን ሲታይ ምስክር ሆነን።

ወደ ካርዱ እመለሳለሁ፤ ከሁሉም በላይ የምመክረው ስለዚህ ነውና። በመጋዘን ሥራ ሞዴል 19 ያልተቆረጠለት ዕቃ አልገባም፣ ሞዴል 22 ያልተቆረጠለት አልወጣም። ሕክምናም እንደዚያው ነው። ክሊኒኩ ካርዱን ስጠይቅ «ካርድ የተቋሙ ንብረት ነው» አሉኝ፤ እኔም «ዋናውን አይደለም፣ ማኅተም ያረፈበት ቅጂ ነው የምፈልገው» ብዬ በደብዳቤ ጠየቅሁ። ደብዳቤውን ሁለት ቅጂ አድርጌ በአንዱ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስጻፍኩ። በሦስተኛው ምልልስ ሰጡኝ። ባይሰጡን ኖሮ ጠበቃው ፍርድ ቤቱ ማስረጃው ከተቋሙ እንዲቀርብ እንዲያዝ ሊያመለክት ተዘጋጅቶ ነበር። ቅጂውን ይዤ መንገድ ላይ ቆሜ አነበብኩት። የማክሰኞው ገጽ ከላይ እስከ ታች ተሞልቷል፤ በሆድ ምርመራ መስመር ላይ ሕመሙ የት እንዳለ፣ ሆዱ ለስላሳ መሆኑ፣ በመጨረሻም መመለሻ ምክንያቶቹ ተጽፈዋል። የረቡዑ ገጽ ሦስት መስመር ብቻ ነው፤ በሆድ ምርመራ ፊት ለፊት ያለው ቦታ ባዶ ነው፤ ሙቀት የለም፤ የልብ ምት የለም። ያን ባዶ ቦታ ሳየው ከዚያች ቀን ጀምሮ ከሁሉም ክርክር የሚበልጥ ማስረጃ በእጄ እንዳለ ገባኝ።

በዚህ አጋጣሚ፣ የላብራቶሪ ወረቀትና የመድኃኒት ማዘዣ ከፋርማሲ ሲመለስላችሁ አትጣሉት፤ ካልተመለሰም በስልክ ፎቶ አንሡት። በ2014 ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ያሉ የጤና ተቋማት ሲዘረፉና ሲወድሙ ብዙ ሰው ካርዱ የት እንደደረሰ ሳያውቅ ቀርቷል። የእኛ ጉዳይ ከዚያ በፊት አልቆ ነበር፤ ቅጂው ግን እስከ ዛሬ በቤቴ ሣጥን ውስጥ አለ።

አቤቱታውን በሁለት መንገድ አቀረብን። የመጀመሪያው ለክልሉ የጤና ቁጥጥር አካል ሆኖ፣ የባለሙያዎች ሥነ ምግባር ኮሚቴ እንዲያየው ነው። ኮሚቴው ሐኪሞች ያሉበት ስለሆነ የሙያ ደንቡ ተጥሷል ወይም አልተጣሰም የሚለውን ለመመለስ ከማንም ይሻላል፤ ፍርድ ቤትም ሆነ ፖሊስ በእንዲህ ዓይነት ጉዳይ የባለሙያ አስተያየት ይፈልጋሉ። ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ወይም ፈቃድ እንዲታገድ ሊያደርግ ይችላል፤ ካሣ ግን አይወስንም። ይህን ባለማወቅ እዚያ ብቻ አመልክተው ካሣ የሚጠብቁ ሰዎች አሉ። ሁለተኛው የካሣ ጥያቄ ነው። እሱን ያቀረብነው በሐኪሙ ላይ ብቻ ሳይሆን በክሊኒኩም ላይ ነው፤ በአንቀጽ 2651 የሕክምና ተቋም ቀጥሮ የሚያሠራቸው ሐኪሞችና ረዳቶች በሕመምተኛ ላይ በጥፋታቸው ለሚያደርሱት ጉዳት በፍትሐ ብሔር ተጠያቂ ነውና።

ስለ ይርጋ፣ ማለትም ክስ ስለሚቀርብበት የጊዜ ገደብ፣ አደራ የምለው አለኝ። ከውል ውጭ በሆነ ኃላፊነት የካሣ ክስ በአንቀጽ 2143 መሠረት ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ከከፈላችሁበት ተቋም ጋር የውል ግንኙነት አለ በሚል የ10 ዓመቱን የውል ይርጋ መጥቀስ የሚቻልበት ክርክር አለ፤ ጠበቃዬ ግን «በረጅሙ ተማምነን አንተኛም፣ በአጭሩ እንሥራ» አለኝ። የኮሚቴውን ውሳኔ ስትጠባበቁ ሁለቱ ዓመት እንዳያልፍባችሁ ቀኑን በወረቀት ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። እኔ እንደዚያ አድርጌያለሁ።

ስለ ገንዘቡም መጠን እውነቱን ማወቅ ይሻላል። ለሕክምና የወጣ፣ ከሥራ የቀረ ደመወዝ፣ ወደፊት እንደሚወጣ የተረጋገጠ ወጪ ሊጠየቅ ይችላል። ለደረሰው የመንፈስ ሥቃይ ግን አንቀጽ 2116 ያስቀመጠው ጣሪያ 1,000 ብር ነው። ሕጉ በወጣበት በ1952 ይህ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ግን የልጄን የዚያች ሌሊት ጩኸት በ1,000 ብር ስትተምኑት ምን እንደሚሰማችሁ ራሳችሁ ታውቁታላችሁ። ይህ አንቀጽ ሊሻሻል ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

ሞት ሲደርስ ነገሩ ወደ ወንጀልም ይሄዳል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 ንዑስ አንቀጽ 2፣ የሰውን ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው፣ ሐኪምና ሾፌር በምሳሌነት ተጠቅሰው፣ በቸልተኝነት ሰው ሲገድል ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራትና ከ3,000 እስከ 6,000 ብር መቀጮ ይደነግጋል። እኔ በወንጀል አላመለከትኩም። አንዲት ጎረቤታችን ግን እናቷ በጨጓራ ካንሰር ስለሞቱባት ይህን አንቀጽ ይዛ መጥታ ነበር። ወረቀቶቿን አብረን ስናይ ክሊኒኩ ሁለት ጊዜ መርምሮ ወደ ሆስፒታል ሪፈር ጽፎ ነበር፤ እናቷ መንገዱን ፈርተው ሳይሄዱ ቀርተዋል። ሐዘኗን አብሬ አዘንኩ፤ ነገር ግን «ክሰሺ» ልላት አልቻልኩም፤ በሽታው ዘግይቶ ታወቀ እንጂ ማንም ሥራውን አልተወም።

ኮሚቴው የሁለቱንም ወገን ቃል ከተቀበለ በኋላ በረቡዑ ምርመራ የሙያ ደንብ መጣሱን ገልጾ በሐኪሙ ላይ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠ። ያ ደብዳቤ እንደወጣ የክሊኒኩ ባለቤት ሽማግሌ ልኮ መጣ። በወሎ ሽማግሌ የገባበት ቤት በሩ አይዘጋምና ተቀብለን ቡና አፈላን። በጥር 2012፣ ጠበቃዬ ባለበት፣ በጽሑፍና በምስክር ፊት 22,000 ብር ተከፍሎን ስምምነት ተፈራረምን። ከ25,250ው ያነሰ ነው፤ ነገር ግን ልጁ ከክርክር ይልቅ ትምህርቱን እንዲያስብ ፈለግን። ሐኪሙም መጥተው ነበር። ልጄ ሸሚዙን ገልጦ ጠባሳውን እንዲያሳያቸው ጠየቁት፤ አሳያቸው፤ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩትና «ያን ቀን መንካት ነበረብኝ» አሉ። ከገንዘቡ ይልቅ ባለቤቴን ያስለቀሳት ይህ ቃል ነው።

የማክሰኞውን ጤና መኮንን ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ በርበሬ ወንዝ አካባቢ አገኘሁት። የእሱ ገጽ ባይኖር ኖሮ፣ በዚያው ክሊኒክ፣ በዚያው አልጋ፣ በዚያው ካርድ ላይ ምን መሠራት እንደሚቻል ለኮሚቴው ማሳየት ይከብደን እንደነበር ነገርኩት። ተሸማቀቀና «እኔ የጻፍኩት ነገ የሚያየው ሰው እንዲያውቅ ብዬ ነበር» አለኝ፤ ከዚያም ልጁ ስንተኛ ክፍል እንደደረሰ ጠየቀኝ።